«ቲቸር፣ ዜሮም ይጻፋል?» — አካባቢን በየዕለቱ ትምህርት ውስጥ ስለማስገባት

የማስተምረው ተሁለደሬ ውስጥ ነው፤ ከሐይቅ ከተማ ብዙ በማይርቅ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ሦስተኛና አራተኛ ክፍልን እያቀያየርኩ እይዛለሁ። በኛ ትምህርት ቤት በዚህ ደረጃ አንድ መምህር ከአንድ ክፍል ጋር ነው የሚውለው። ሒሳቡም፣ አማርኛውም፣ አካባቢ ሳይንሱም፣ ስዕሉም የኔው ነው። ብዙ መምህር በዚህ ያማርራል፣ እኔም አማርሬያለሁ። ግን ዛሬ ለማወራው ነገር ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም፤ ሒሳቡን ከአካባቢ ሳይንሱ ጋር ላጋባው ብል የማስፈቅደው ሌላ መምህር የለኝማ።

ሰሞኑን አብሮኝ የተማረ፣ አሁን ወረኢሉ በኩል የሚያስተምር ጓደኛዬ ደወለ። «ያንን የአካባቢ ነገር ከትምህርቱ ጋር እንዴት ነው የምታስኬደው? እኔ ጊዜ አጣሁ» አለኝ። ብዙ አወራን፣ ካርድ አለቀብን። የቀረውን እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ ሰውም ይጠቅመው ይሆናል።

ካበላሸሁት ልጀምር።

ለብዙ ዓመት አካባቢ ጥበቃ ለኔ ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ክበብ ነው። የአባላት ስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ይታያል፣ በቃ። ሁለተኛው ችግኝ ተከላ። በ2011 ሐምሌ 22፣ በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ በተባለበት ሰሞን፣ እኛም ግቢያችንን ቆፍረን ተክለናል። ፎቶም ተነስተናል። ክረምቱን ሙሉ ችግኙ አማረበት። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ሁሉም በምዝገባ ተጠመደና ረሳው። ጥር ላይ ሄጄ ባየው ግማሹን ፍየል በልቶታል፣ ግማሹ ደርቆ ጭራሮ ሆኗል። ልጆቹ ከዚህ ምን ተማሩ? ችግኝ የሚተከለው ለፎቶ መሆኑን። ማንም ላይ አላላክክም፣ የኔው ጥፋት ነው።

ከዚህ የባሰው የከሰሉ ጉዳይ ነው። አንድ ቀን ስለ ደን መመናመን ሳስተምር ሞቅ አለኝና «ዛፍ ቆርጦ ከሰል የሚያከስል ሰው አገር እያጠፋ ነው» ብዬ ተናገርኩ። ክፍሉ ውስጥ ደስ የሚል ጸጥታ ሆነ፤ እኔ ትምህርቱ የገባቸው መስሎኝ ነበር። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አንገቷን ደፍታ ቀረች። በማግስቱ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን እናቷ መጣች፣ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማ።

«መምህር፣ ልጄን ምን ብለዋት ነው? ‹እማ፣ አንቺ አገር ታጠፊያለሽ› ስትለኝ አደረች» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ደብተሯን የምገዛላት በምን ይመስልዎታል?»

ምንም መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ልጅቷም ተመለሰች፤ ግን እጇን ማውጣት እስክትጀምር ወራት ፈጀባት። ከዚያ ወዲህ ልጅን በወላጁ ላይ ዳኛ አላደርግም። እንጨት ለቅሞ፣ ኩበት ጠፍጥፎ፣ ከሰል ሸጦ የሚኖር ቤተሰብ አጥቶ እንጂ ጠልቶ አይደለም። ይሄንን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ያዙት። እናትየዋ ቆይታ ደግሞ ትመጣለች፤ እመለስባታለሁ።

አካሄዴን ያስቀየረኝ ሥልጠና አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ከአካባቢያችን አልፎ ትምህርት ቤት ስንመለስ ወንበር የለ፣ በር የለ፣ መጽሐፍ የለ። ልጆቹን ሾላ ዛፍ ሥር ሰብስቤ ማስተማር ጀመርኩ። ጥቁር ሰሌዳ ስለሌለ ዓይናችን ያረፈበትን ሁሉ ማስተማሪያ አደረግነው። የሾላውን ጥላ ጠዋትና ቀትር ላይ በእርምጃ ለካን። ጠጠር ቆጠርን። ጉንዳን የሚሄድበትን መስመር ተከትለን በስዕል አስቀመጥን። ያኔ ልብ ያልኩት፣ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፉ የነበሩ ልጆች፣ በተለይ ከብት ጠባቂዎቹ፣ ውጭ ላይ ከኔ በላይ ያውቃሉ። የቱ ቅጠል ለከብት እንደሚስማማ፣ የቱ እንደሚነፋ፣ የቱ ምንጭ መቼ እንደሚደርቅ። ወንበር ሲመጣ ወደ ክፍል ተመለስን። ያንን ነገር ግን ውጭ ትቼው መግባት አልፈለግኩም።

እንግዲህ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ ይቆማል፤ ለአካባቢ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አልፈልግም። መጽሐፉ የሚያዘውን ሒሳብ እሠራለሁ፣ ቁጥሩን ግን ከሰፈር አመጣለሁ። መጽሐፉ «አንድ ነጋዴ 240 ብርቱካን ለ8 ሳጥን» ሲል፣ እኔ ጀሪካን አመጣለሁ። ልጆቹ ውሃ ቀጂዎች ናቸው፣ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን ክብደት በጀርባቸው ያውቁታል። 5 ሰው ባለበት ቤት በቀን 3 ጀሪካን ከገባ ለአንድ ሰው ስንት ይደርሳል? 12 ሊትር። ማካፈል ያልገባው ልጅ እዚህ ላይ ይገባዋል። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ጭቅጭቁ ይጀመራል፤ እኛ ቤት 2 ነው የሚገባው፣ እነሱ ቤት ፍየሎቹም ይጠጣሉ፣ ልብስ የሚታጠብበት ቀን ይለያል።

ከሁሉ በላይ የያዘልኝ የዝናብ መለኪያው ነው። ስለሱ ትንሽ ዘርዘር ላድርግ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ስሠራው ተበላሽቶብኛል። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ፤ ወገቡ የጠበበውን ሳይሆን ጎኑ ቀጥ ያለውን። አንገቱ ሥር፣ ጠበብ ማለት ከሚጀምርበት ላይ ቁረጡት። የተቆረጠውን አናት ክዳኑን አውጥታችሁ ገልብጡና እንደ ማጥለያ አፉ ላይ ሰኩት፤ ውሃው በፀሐይ ቶሎ እንዳይተን ይረዳል። የጠርሙሱ ቂጥ ጎርባጣ ስለሆነ እዚያ ላይ መለካት አይቻልም፤ እኔ የተበላሸብኝ እዚህ ጋ ነው። ታች ጠጠር ጨምሩ፣ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ሙሉት፣ እዚያ ላይ መስመር አስምሩ። ያ ዜሮ ነው። ከዜሮው ወደ ላይ ማስመሪያ በፕላስተር ለጥፉ። ከዛፍም ከጣሪያም ራቅ ባለ ቦታ፣ እንዳይወድቅ በድንጋይ ከብባችሁ አቁሙት። ሁልጊዜ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት አንድ ተረኛ ያነባል፣ ይጽፋል፣ የተጠራቀመውን ወደ ዜሮው ይመልሳል። ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ስም ጥሪ እስኪያልቅ ይጠናቀቃል።

ከዚህ የሚወጣው ሒሳብ ማለቂያ የለውም። አራተኛ ክፍሎችን አንድ ቀን የመማሪያ ክፍላችንን ርዝመትና ስፋት አስለካኋቸው። 8 ሜትር በ7 ሜትር፣ 56 ካሬ ሜትር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። እንግዲህ 10 ሚሊ ሜትር ዘነበ እንበል፤ ቆርቆሯችን ላይ የወረደው 560 ሊትር ነው፣ ለ20 ሲካፈል 28 ጀሪካን። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ከኋላ ተነስቶ «ቲቸር፣ እኔ እኮ ጠዋት አንድ ጀሪካን ለመቅዳት ቁልቁለቱን ወርጄ ነው የመጣሁት!» አለ። እርግጥ የሚረጨውና የሚባክነው ሲቀነስ ሙሉውን ማግኘት አይቻልም፤ ይሄንንም ነገርኳቸው። ቢሆንም ያንን ጥያቄ የወላጅ መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ላይ ይዘን ገባን። አሁን በአንድ በኩል አሸንዳ ተገጥሞ በርሜል ተቀምጧል። አንድ በርሜል ብቻ ነው፣ ክዳኑም ይጠፋል። ግን አለ።

ፌስታሉን ደግሞ በሦስተኛ ክፍል በምልክት ቆጠራና በግራፍ አስገባሁት። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት መንገድ ላይ ያዩትን እየቆጠሩ፣ በየአምስቱ እያሰሩ ይመጣሉ። ገበያ በማግስቱ ቁጥሩ እንደሚያሻቅብ ራሳቸው ደረሱበት፤ እኔ አልነገርኳቸውም። ቀጭኑ ፌስታል፣ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠው፣ እንዳይመረትና እንዳይገባ በ1999 በወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ተከልክሎ ነበር። በ2017 ደግሞ ጠንከር ያለ አዋጅ ጸድቋል። ልጆቹ ከመወለዳቸው በፊት የተከለከለውን ነገር እየቆጠሩ እንደሚመጡ ስነግራቸው ሳቁ። እኔም ምን እንደምላቸው ጠፍቶኝ አብሬ ሳቅሁ።

አማርኛ ላይ የጠቀመኝ እንቆቅልሽ ነው። የታወቁትን ጠየቅን፣ አለቁ። «አሁን ደግሞ ራሳችሁ ፍጠሩ» አልኳቸው። አንዷ ቆማ «እንቆቅልህ» አለች፣ ክፍሉ «ምን አውቅልህ» አለ። «ንፋስ ይጋልባል፣ ላም ይገድላል፣ እሱ ግን አይሞትም።» ፌስታል! ያቺ ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃላችሁ? የከሰል ሻጯ።

ሌላው ድርሰት ነው። ቀድሞ «ትምህርት ቤቴ» በሚል ርዕስ ጻፉ ስል ሁሉም ከአንዱ የተገለበጠ አራት መስመር ነበር የማገኘው። አሁን «አያታችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ» እላለሁ። ልጅ ሳሉ ውሃ ከየት ይቀዱ ነበር? የቱ ዛፍ ጠፋ? የቱ መጣ? የሚመጣው ጽሑፍ ፊደሉ የተንሻፈፈ፣ ነጥብ የሌለው ነው፤ ግን ነገር አለው። የደረቀ ምንጭ ስም ይመጣል። ስሙ የሾላ፣ ሾላ ግን የሌለበት መስክ ይመጣል። አንዱ «ባህር ዛፍ የአገራችን ዛፍ ነው?» ብሎ ተከራከረኝ። በምኒልክ ዘመን ከውጭ እንደመጣና የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ እንደሆነ ነገርኩት፤ ያባቱ ቤት የቆመው በባህር ዛፍ ስለሆነ ቅር አለው። መጥፎ ዛፍ ነው አላልኩትም። ምንጭ ዳር ሲተከል ውሃ እንደሚሻማ፣ ለቤት ግን የሱን ያህል ቶሎ የሚደርስ እንደሌለ ሁለቱንም አወራን።

የክርስቲያንና የሙስሊም ልጆች ተቀላቅለው ነው የሚማሩት፣ ወሎ አይደል። የክርስቲያኖቹን ልጆች የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር፣ የሙስሊሞቹን ደግሞ ቀብሩና መስጊዱ አካባቢ ያለውን ዛፍ በስም እየጻፉ እንዲመጡ አዘዝኳቸው። ዝርዝሩን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ስንጽፈው ወይራና ጽድ በሁለቱም አለ። ዕድሜ ጠገቡ ዛፍ የቀረው እዚያና እዚያ ብቻ መሆኑን ለማሳየት ሌላ ንግግር አላስፈለገኝም። አንድ ሽማግሌ ሸህ ልጆቹ ዛፍ ሲቆጥሩ አይተው «ምን እያረጋችሁ ነው?» ብለው ጠየቋቸው አሉ። በማግስቱ ራሳቸው መጥተው ረፍት ሰዓት ላይ የእያንዳንዱን መድኃኒትነት ሲነግሯቸው አረፈዱ። ደወሉ ተደወለ፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እኔም ደወሉን ያልሰማሁ መሰልኩ።

የአፈሩ ሙከራ ቀላል ነው። ሁለት ሃይላንድ በጎን ቁረጡ፤ አንዱን ባዶ አፈር፣ ሌላውን ከነሥሩ የተነቀለ ሣር ከነአፈሩ ሙሉበት። አፋቸውን ዘቅዘቅ አድርጋችሁ እኩል ውሃ አፍስሱ። ከባዶው ሻይ የመሰለ ውሃ ይወርዳል፣ ከሣሩ ጠራ ያለ። ጥር ላይ ወላጆቻቸው እርከን ሊሠሩ በሚወጡበት ሰሞን አድርጉት፤ ልጆቹ ማታ ቤት ገብተው ያወራሉ።

ይሄኛው ወደ ሐይቃችን ይወስደኛል። ሐይቁ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ልጆቹ በየቀኑ ያዩታል፣ እንደዚያ አስበውት ግን አያውቁም። የኛ ሸለቆ ውሃ የት ይገባል? ሐይቁ። ከሐይቁስ? ዝም። አንዱ «ከዚያ ወደ አዋሽ» ብሎ ገመተ። አይደለም፣ ውሃው በፀሐይ ይተናል፣ በመሬት ውስጥም ይሰርጋል፤ አብሮት የወረደው አፈርና ፌስታል ግን አይተንም። ሰሌዳው ላይ ሳህን ሥዬ ተውኩት። «እንግዲያ ፌስታሉ የት ነው ያለው?» ብሎ አንዱ ጎኑ ያለውን ሲጠይቅ ሰማሁ። አልመለስኩላቸውም።

ችግኙንስ? አሁን ለአንድ ልጅ አንድ ችግኝ አልሰጥም፤ ከ60 በላይ ልጅ ይዤ ማን ይቆጣጠራል። ለስድስት ልጅ አንድ ችግኝ ነው። ስም ያወጡለታል፣ በእሾህ ያጥሩታል፣ በየሁለት ሳምንቱ ቁመቱን ለክተው ሒሳብ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። የእጅ መታጠቢያው ሃይላንድ፣ ክዳኑ የተበሳው፣ የሚንጠለጠለው ከችግኙ በላይ ነው፤ እጃቸውን የታጠቡበት ውሃ ያጠጣዋል። ክረምት ላይ ቤታቸው ቅርብ የሆነ ልጅ ይመደባል። ባለፈው ዓመት ከተከልናቸው ሦስቱ ሞቱ። የሞተውንም ይጽፋሉ፣ ምክንያቱንም። አንዱ ቡድን «የገደለው የመምህር ላም ነው» ብሎ ጻፈ። እውነት ነው፣ የኔ ላም ነች።

ስለ ከሰል ሻጯ እናት ላንሳ። ከዓመት በኋላ ስለ ማገዶ የምናስተምርበት ሳምንት ሲደርስ ሄጄ «እርስዎ መጥተው ያስተምሩልኝ» አልኳት። መጀመሪያ የማሾፍባት መሰላት። መጣች። የቱ እንጨት ቶሎ እንደሚነድ፣ የቱ ጭስ እንደሚበዛበት፣ የቱ ፍም እንደሚይዝ ነገረቻቸው። ከዚያ አንድ ልጅ «ድሮስ ከየት ያመጡ ነበር?» አላት። «እኔ ልጅ ሳለሁ ከጓሮ ነበር፣ አሁን ጠዋት ወጥቼ ከሰዓት ነው የምመለሰው» አለች። እኔ ያንን ሁሉ ስለ ደን መመናመን ለፍልፌ ያላስገባሁትን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስገባችው። ሰው ሳይሰደብ። ልጅቷ ያን ቀን እናቷን ስታይ የነበረበትን ዓይን ብታዩት።

ጊዜ ይበላል ለምትሉኝ፣ አዎ፣ መጀመሪያ ላይ ይበላል። ዕቅድ ሲገመገምብኝ «ይሄ ከመጽሐፉ የት ገጽ ነው?» ተብያለሁ። አሁን የዕቅዱ ዓላማ ላይ መጽሐፉ ያለውን፣ «ማካፈል ይችላሉ» የሚለውን፣ ቃል በቃል እጽፋለሁ፤ ማስተማሪያ መሣሪያ በሚለው ሥር «ጀሪካን» እላለሁ። ማንም አልተናገረኝም። ሁሉንም በአንዴ ለመጀመርም አትሞክሩ። እኔ ብመርጥ ከዝናብ መለኪያው እጀምር ነበር፤ ወጪ የለው፣ ክርክር የለው።

ይሄን የምጽፈው መጋቢት ላይ ነው። ሰፈራችን በልግ ይጠብቃል፣ ከላይ ደጋው ደግሞ የባሰ ይጠብቃል። ሰማዩ ይጠቁርና ይሄዳል። መለኪያው ጋ ተረኛ የሆነው ልጅ፣ ከአራተኛ ክፍል ትንሹ፣ ለአምስት ቀን ዜሮ ጽፎ ሰለቸው። በስድስተኛው ቀን ደብተሩን ይዞ መጣና «ቲቸር፣ ዜሮም ይጻፋል?» አለኝ። ይጻፋል አልኩት። ትናንት 11ኛውን ዜሮ ጻፈ። ዛሬ ጠዋት እኔ ሳልደርስ ከሩቅ እየሮጠ መጣ፣ ጣቱን በውሃ አርሶ።

«ሁለት ነው ቲቸር! ሁለት ሚሊ ሜትር!»